ስድብ ሰውን አያከሳም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። 108 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ጋ ብሄድ፣ ሳይነካኝ «መጀመሪያ ቀንሺና ነይ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምንም ነገር ሐኪም ጋ አልሄድኩም። ቤተሰቦቼም «ላንቺው ብለን ነው» እያሉ ይናገሩኛል። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጉልበትዎ መታየት ነበረበት። ክብደት መገጣጠሚያን ይጫናል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የወፈረ ሰውም ጅማቱ ይጎዳል፣ መገጣጠሚያው ይቆጣል። ሳይነኩ እንዴት ይታወቃል? በሙያ ባልደረባዬ ስም ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ጥፋትስ? እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት። ይህ ሁሉ ሰው ተማክሮ አልሰነፈም። ዘር ትልቅ ድርሻ አለው። እንቅልፍ ማጣትና እንደ ስቴሮይድ ያሉ መድኃኒቶችም ያወፍራሉ። ደግሞ ሰው ሲከሳ ሰውነቱ ዝም ብሎ አያይም። ሌፕቲን የሚባለው፣ ለአንጎል «በቂ ስንቅ አለ» ብሎ የሚናገረው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ረሃቡ ይብሳል። የቀነሰው ኪሎ ተመልሶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ቤተሰብዎ ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል። ግን የተሸማቀቀ ሰው ተደብቆ ይበላል። ሰው እንዳያየው ብሎ የእግር ጉዞውን ይተዋል። ጭንቀቱ ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን ይጨምራል፤ እሱም የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ያ ሁለት ዓመት ነው። ስኳርዎን ማን አየው? ግፊትዎንስ?

እባክዎ ሌላ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ገና ሲገቡ «የመጣሁት ለጉልበቴ ነው፤ ስለ ክብደቴ ቀጥለን እናወራለን» ይበሉ። ሚዛን ላይ ሲወጡ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ እንዳይነገር መጠየቅ ይችላሉ። ግፊት ሲለኩ ክንድዎ ላይ የሚጠመጠመውን ልብ ብለው ይዩት። ጠቦ እየተላቀቀ ካስቸገረ ትልቁን ይጠይቁ፤ ጠባቡ ግፊትን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ሳያፍሩ ይጠይቁ፣ ትልቁን ማዘጋጀት የኛ ግዴታ ነው።

መቀነስ ከፈለጉም ከ5 እስከ 10 በመቶው፣ ለእርስዎ ከ5 እስከ 11 ኪሎ ገደማ፣ ለግፊትም ለስኳርም ለጉልበትም ይጠቅማል። መድኃኒትም ቀዶ ሕክምናም አለ፤ በእርስዎ መጠን ሁለቱንም አንስቶ ከሐኪም ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ጉልበትዎ ካበጠና ካተኮሰ ወይም መርገጥ ካቃተዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይሂዱ።