«እስቲ ተቀበለኝ»

ሰሞኑን አንዲት ቫዮሊን የምትማር ልጅ «ጋሼ፣ ባክን መርካቶ ወስጄ ብጫወት ማን ቆሞ ይሰማኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ባክ የጀርመኑ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ ነው። እኔም «ሞክሪው» ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደብረ ታቦር መጣችብኝ።

1987 ዓ.ም ነው። አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የባክን ሻኮን ልጫወት ሄድኩ። ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የተጻፈ፣ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ተማሪዎቹ ትንሽ ሰሙኝ። ከዚያ አግዳሚው ይንቋቋ ጀመር። ተናደድኩና አጣደፍኩት። በሩ ላይ ግን አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ቆመው ነበር። ማሲንቋቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይዘው፣ ንቅንቅ ሳይሉ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ሲያልቅ ቀረብ አሉ። ደጋኔን አዩና «የፈረስ ጭራ ነው?» አሉ። «አዎ» አልኩ። የደጋኑን ጭራ የምቀባበትን ሙጫ፣ ሮዚኔን፣ አንስተው አሸተቱት። «እኔ ዕጣን ነው የምቀባው» ብለው ሳቁ። ማሲንቋቸውን አወጡ። «በል ልጄ፣ እስቲ ተቀበለኝ።»

«አባባ፣ ይኼ በኖታ የሚሄድ ነው። ከማሲንቆ ጋር አይገጥምም» አልኳቸው። ሮዚኑን ከእጃቸው ወስጄ ሳጥኔን ዘጋሁ።

አላኮረፉም። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከሻኮኑ አንዷን ሐረግ በዚያች አንድ ክር ፈልገው አገኟት። አንዴ ብቻ ነው የሰሙት! ወደ ትዝታ አዞሯትና ስንኝ ደረደሩባት። ሲቁነጠነጡ የነበሩት ልጆች ከበው አጨበጨቡ። እኔ ሳጥኔን አቅፌ አጥር ሥር መኪና ጠበቅኩ።

ሻኮን አንድ አጭር ዜማ ከሥር እየተመላለሰ፣ ከላዩ ሁልጊዜ አዲስ ነገር የሚደረብበት ሙዚቃ ነው። አዝማሪም ዜማውን ይዞ ስንኙን ይቀያይራል። ሰውዬው ይህ ገብቷቸዋል። እኔ ግን ለዓመታት «ሰዉ ክላሲካል አይገባውም» እያልኩ አወራሁ።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ሁሉም በፒያኖ ያውቃቸዋል። ቫዮሊንም ተምረዋል፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ። ፒያኗቸው ላይ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ይሰማል። እሳቸውን ቀድሜ አድምጬ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

እናንተ ቫዮሊን የምትማሩ ልጆች፣ ተለማመዱ አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። መድረክ ላይ አትውጡ፤ ሰው መሃል ቁሙ። የደጋን ጭራ በእጅ አይነካም ትባላላችሁ። እውነት ነው፣ የእጅ ቅባት ያበላሸዋል። ቢሆንም ልጆች ይንኩት፣ ጭራ ይቀየራል። ትዝታን ደግሞ መጨረሻ ላይ እንደ ከረሜላ አትበትኑት። ቅኝቱን ከሚያውቀው ሰው እግር ሥር ተቀምጣችሁ ተማሩ።

የዛሬ ልጆች ሁለት ሐረግ ሳይጫወቱ ስልክ ይደቅናሉ። አልወድላችሁም። ግን ያን ቀን አንድ ሰው ስልክ ደቅኖ ቢሆን፣ የሽማግሌው ድምፅ ዛሬ እጄ ላይ ነበር።

አንቺ ልጄ፣ መርካቶ ሂጂ። በጠዋት፣ ጫጫታው ሳይበረታ። ማሲንቆ የያዘ ሰው ከመጣ ቦታ ልቀቂለት። ባክ ለሁለት ቫዮሊን የጻፈውን ኮንቼርቶ ከፈለግሽ ደግሞ ደውዪልኝ፤ ሁለተኛውን እኔ እይዛለሁ።