ስለ ቀጰዶቅያው ድንጋይና ካንሰር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቱርክ ውስጥ ስላሉት ካራይን፣ ቱዝኮይና ሳሪህድር ስለሚባሉ ሦስት መንደሮች፣ የቤታቸው ድንጋይ ሰዉን በካንሰር እንደጨረሰው አንስቼ ነበር። ቦታው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቀጰዶቅያ የሚባለው አገር ነው። ጥያቄው ስለበዛ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ድንጋይ እንዴት ካንሰር ያመጣል?

መልስ፦ የሚጎዳው አቧራው ነው። በነዚህ መንደሮች ድንጋይ ውስጥ ኤሪዮናይት የሚባል ማዕድን አለ። ስሙ የመጣው ሱፍ ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ደግሞም ሱፍ ይመስላል። ክሮቹ ግን በጣም ስለሚቀጥኑ አንድ በአንድ በዓይን አይለዩም። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጠረባል። ሰዉ ቤቱን ይሠራ የነበረው በሱ ነው። ወለል ሲጠረግ፣ ግድግዳ ሲፋቅ አቧራው ቡን ይል ነበር። እናት ስትጠርግ ሕፃኑ እዚያው ይተነፍሰው ነበር። ክሩ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ሰውነት አያሟሟውም። ሳንባን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ ለብዙ ዓመታት እያቆሰለ ይቆያል። በመጨረሻ ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን ካንሰር ያመጣል።

ጥያቄ፦ ይኼን ማን ደረሰበት?

መልስ፦ የአንካራው ሃጄቴፔ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ኢዜቲን ባሪሽ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። በሌላ ቦታ ብርቅ የሆነው በሽታ ካራይንና ቱዝኮይ ውስጥ ከሚሞተው ሰው ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይገድል ነበር። ይኼን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ጎረቤት መንደር ካርሊክ ግን ደህና ነበረች።

ጥያቄ፦ ለግንባታ ይውል ከነበረውና ካንሰር ከሚያመጣው ክራም ማዕድን፣ ከአስቤስቶስ ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ከሚገኙት ዜኦላይት ከሚባሉ ማዕድናት ዘር ነው። ግን ይብሳል። በ1985 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት 28 አይጦች ኤሪዮናይት እንዲተነፍሱ ተደርጎ 27ቱ በሜሶቴሊዮማ ተይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1987 (እ.ኤ.አ.) ሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ አስገብቶታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሁሉ ያስፈራል?

መልስ፦ ኧረ አያስፈራም። ብዙዎቹ ዜኦላይቶች እንዲህ ክር አይሠሩም። አሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ግን ኤሪዮናይት ያለበት ጠጠር መንገድ ላይ ተነጥፎ ነበር፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሣ ነበር።

ጥያቄ፦ ለጉብኝት ልሄድ ነው፣ ልቅር?

መልስ፦ ሂጂ እህቴ። የጥቂት ቀን ጉብኝት እዚያ ተወልዶ ከማደግ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ከመንደሩ የወጡትስ ዳኑ?

መልስ፦ ይኼ ነው ከባዱ። ከካራይን ወደ ስዊድን የሄዱ ሰዎች እዚያም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ክሩ በልጅነት ከገባ አብሮ ይሰደዳል፣ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ወይም ደረት ውስጥ ውሃ ተገኘ ሲባል፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት እንዳደጋችሁ፣ ቤታችሁ በምን እንደተሠራ ንገሩት።