«ጥይት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው፤ የሥነ ልቦና የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ በቦርድ የተሰናበቱ አንድ ሃምሳ አለቃ «ጥይት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከቀድሞ ወታደሮችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር የመሥራት ሐሳቤን ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ኮምቦልቻ ከነበርሽ ጥይቱንም ሰምተሻል። ይህን ግን መልስ አታድርጊላቸው። የጠየቁሽ «የምነግርሽን ትችይዋለሽ?» ብለው ነው። «የእርስዎን አልሰማሁም፤ መናገር በፈለጉ ቀን አዳምጣለሁ» ማለት ይበቃል። የራስሽን ደግሞ ለሚቆጣጠርሽ መምህር ንገሪው፤ ሳታራግፊው የሌላ ሰው ሸክም ከጨመርሽበት ያደክምሻል።

በወሎ አንድ ቤት ውስጥ በ1983 የተበተነው ሠራዊት አባል የነበሩ አያት፣ ከ1990 እስከ 1992 በኤርትራ ድንበር የዘመተ አባትና ከ2013 በኋላ የቆሰለ ልጅ ሊኖሩ ይችላሉ። ሕመማቸው አንድ አይደለም። በእኔ ልምድ አዛውንቶቹን ከጦርነቱ ይልቅ የሚያማቸው የተመለሱበት ሁኔታ ነው፤ ተሸንፎ ባዶ እጅ ቤት መግባት። ስለዚህ «ከማን ጋር ተዋጉ?» ብለሽ አትጀምሪ። ብዙዎቹ «ተጨንቄአለሁ» አይሉሽም፤ «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ይላሉ። ከዚያው ጀምሪ።

ቤተሰቡን ደግሞ አደራ። ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት ቡና የሚወቅጡት ጎረቤት ሄደው ነበር። የሙቀጫው ድምፅ ባላቸውን ያስበረግጋቸዋል። ዘነዘናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ሲወጡ ለሰው «ሙቀጫዬ ተሰብሮ ነው» ይሉ ነበር። ይህን ለዓመታት የጠየቃቸው አልነበረም።

ዱአውን፣ ጸበሉን፣ የአበጋሮችን (የወሎን ባህላዊ አስታራቂዎች) ሽምግልና ከሕክምናው ጋር አታጣዪ፤ ሰው ሁለቱንም ይዞ ይድናል። ሕይወቱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ከጠረጠርሽ ግን በግልጽ ጠይቂው፤ አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ከአእምሮ ሐኪም ጋር አገናኚው።

ስለ ትምህርቱ፦ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ወይም በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልግሻል። ከዚያ በፊት በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጥቂት ወራት ብትለማመጂ ይጠቅምሻል።

ወደ ሃምሳ አለቃው ስትመለሺ በማዕረጋቸው ጥሪያቸው። ወንበራቸውን በሩ በሚታይበት በኩል አድርጊላቸው። ባለቤታቸው አብረው ከመጡም ሃምሳ አለቃውን አስፈቅደሽ ወደ ውስጥ አስገቢያቸው።