መልስ፦ የቱርቦ ስኖውሞቢል ክላች ሮለር ለምን ቶሎ ያልቃል?

ወንድሜ፣ ስኖውሞቢልህ (የበረዶ ላይ ሞተር) ላይ ቱርቦ (ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ካስገጠምክ ወዲህ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው የፊት ክላች ሮለር (ትንሿ ተንከባላይ) ቶሎ ቶሎ እያለቀ አስቸግሮሃል። ሮለር ብቻ መቀያየር ገንዘብ መጣል ነው። ክላቹን ፍታና እያንዳንዱን ሮለር በጣትህ አዙረው። ከያዘ ወይም ከተንገዳገደ ውስጡ ያለው ቡሺንግ (ሮለሩ የሚዞርበት ቀለበት) አልቋል። የማይዞር ሮለር ፍላይዌቱ (ክላቹ ሲሽከረከር ወደ ውጭ የሚገፋው ክብደት) ላይ ይንሸራተትና አንድ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ፍላይዌቶቹንም በጥፍርህ ዳስሳቸው፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱንም ሮለር ይበሉታል። ሁሉንም አንድ ላይ ቀይር፣ ርካሹን ተወው።

የፊቱን ክላች ከኋላው ክላች ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ የሚተወውን ብናኝ በኮምፕረሰር ንፋው። ግሪስ ግን እንዳትቀባ! ብናኙን ይሰበስብና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል።

የሁለቱን ክላቾች አሰላለፍም ለካ። ሞተሩን የያዙት ጎማዎች ከላሉ፣ ጋዝ ስትሰጠው ሞተሩ ይጠማዘዛል፤ ቺንጋው ያጋድላል፣ ክላቹም ይግላል።