የኢንተር ቁልፍ ስለተመታ ግጥም አይሆንም

ልጆች፣ የሰው ግጥም እያረምኩ ነው ያረጀሁት፣ ስለዚህ ባትጠይቁኝም ልናገር።

«ትናንት ማታ / ከሥራ ስመለስ / በጣም / ደክሞኝ ነበር።» ይሄ አራት መስመር ላይ የተቆራረጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እንጂ ግጥም አይደለም። መልሳችሁ ብትቀጥሉት ምንም አይጎድልበትም። አሁን ደግሞ ይሄን ጮክ ብላችሁ አንብቡት (ለምሳሌ ያህል የጠረብኩት ነው፣ አትሳቁ)፦

ዝናቡ ሲያባራ ጠፈፈ መንገዱ፣
ቡናው እየፈላ እንግዶች ነጎዱ።

ድምፃችሁ «ሲያባራ» ላይ ትንሽ ያርፋል፣ «መንገዱ» ላይ ይቆማል። በየሐረጉ (በየግማሽ መስመሩ) 6 ቀለም፣ ማለትም አንድ ጊዜ አፍ ተከፍቶ የሚነገር ድምፅ፣ በየስንኙ 12፤ አዝማሪው ሁሉ የሚያውቀው የወል ቤት ነው። በዝርው፣ እንደ ተራ ወሬ ስጽፈው፦ «ዝናቡ ካባራ በኋላ መንገዱ ጠፈፈ፤ እንግዶቹም ቡናው እየፈላ ሳለ ሄዱ።» ወሬው ያው ነው። ግን በስንኙ ላይ «መንገዱ» እና «ነጎዱ» በአንድ «ዱ» ሲተሳሰሩ፣ ሰዎቹ የመንገዱን መድረቅ ብቻ ሲጠብቁ እንደቆዩ ማንም ሳይናገር ይሰማል፤ በዝርው ይህን ለማለት ሌላ ዓረፍተ ነገር መጨመር ነበረብኝ።

ስትቆጥሩ ፊደል አትቁጠሩ፣ ጆሯችሁን እመኑ። «እንግዶች» 5 ፊደል ነው፣ ቀለሙ ግን 3፦ እን-ግ-ዶች።

ቤት መምታት ብቻውንም አያኮራም። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ሄድኩኝ፣ መጣሁኝ፣ አዘንኩኝ» እያሉ ገጽ መሙላት ይቻላል። አንባቢ ግን ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

ከተለመደው ቤትና ልኬት (የቀለም ቁጥር) የወጣ ግጥም ይጠላል እንዳትሉኝ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐረጉን ወደ 8 ቀለም አስረዘመው፣ ገጣሚው ሰሎሞን ደሬሳ የተለመደውን ልኬት ራሱን ትቶ ጻፈ፤ ሁለቱም ግን የሚተዉትን ያውቁት ነበር። ቤቱና ልኬቱ ሲቀሩ ሸክሙ በሙሉ መስመሩ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ይወድቃል። «በሩን ዘግቼ / አልተኛሁም» ብላችሁ ግሱን ብታወርዱት፣ አንባቢው ለአንድ ትንፋሽ ያህል የተኛችሁ ይመስለዋል፣ ከዚያ «አል» ይመጣና ያነቃዋል። እዚህ ጋ መቁረጡ ሥራ ሠርቷል። «በሩን / ዘግቼ አልተኛሁም» ብትሉት ግን ምን አተረፋችሁ?

አንድ ነገር ልጨምር። ጽፋችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ያለ ሙዚቃ አንብቡት። ግጥም በጃዝ ላይ፣ ግጥም በጃዝ ሙዚቃ ታጅቦ በሚነበብበት መድረክ፣ ሳክስፎኑ የላላውን ስንኝ ሁሉ ስለሚደግፍላችሁ፣ መድረክ ላይ ቆማችሁ ጉድለቱ አይሰማችሁም።