ጅማ ቤት ለምታሠሩ፦ ስቱኮ ሳይቀባ ልስኑን አስፈትሹ

ውጪ ሆናችሁ ጅማ ላይ ቤት ለምታሠሩ ወገኖች፣ ዘመድ የሚልክላችሁ ቪዲዮ ላይ የምታዩት ቀለሙን ነው እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ስቱኮ (ከቀለም በፊት ግድግዳውን የሚያለሰልሰው ቅብ) ከተቀባ በኋላማ ልስኑ ይያዝ አይያዝ ማን ያውቃል፣ እሱን ሚነግራችሁ ቀጣዩ ክረምት ነው፣ የጅማን ክረምት ደሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ልስኑ አልቆ ስቱኮው ሳይጀመር ያለችውን ጊዜ አጥብቃችሁ ያዙ፣ የቀለም ብርም እስከዛ አትላኩ።

ቀጥ ማለቱን ማየት ካስፈለገ ማታ ነው። መብራት ይጥፋና የስልክ ባትሪ ግድግዳው ጥግ ተጠግቶ ወደ ጎን ይብራ፣ ከፊት ለፊት ካበሩበት ሁሉም ያምራል፣ በጎን ሲሆን ግን እያንዳንዷ እብጠት ጥላዋን ትጥላለች፣ ፍራታዞው (ልስኑ የሚታሽበት መሣሪያ) የዞረበት ሁሉ ይታያል። ቪዲዮውን እንደዛ አድርገው ይላኩላችሁ። ግን አትጨቃጨቁ ደሞ፣ አሜሪካ ጂፕሰም ቦርድ የለመደ ዓይን የጅማን ልስን ሁሉ ጠማማ ነው ይላል። 2 ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ ረጅም ማስተካከያ) ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በስሩ እርሳስ ካሳለፈ ይታረም፣ 3 ሚሊ ምናምን ላይ ከሰው ጋር መጣላት ዋጋ የለውም። ሻወርና ኪችን ላይ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት ምክንያቱም ሴራሚክ ስለሚለጠፍበት ማዕዘኑ ካልተስተካከለ እዛ ጋ ያጋልጣል፦ ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60 ሳንቲም በሌላው 80 ሳንቲም ይለካና በሁለቱ ምልክት መሀል ልክ 1 ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ ስኳድራ (ልክ 90 ዲግሪ) አይደለም።

ቀጥ ከማለቱ በላይ ግን እኔ ምፈራው የተላቀቀውን ልስን ነው። ቁልፍ ይዞ ግድግዳውን ከላይ እስከታች ማንኳኳት ነው በቃ። የያዘው ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፣ ያልያዘው እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል። በተለይ ኮለንና ቢም (የአርማታ ምሰሶውና አግዳሚው) ላይ አንኳኩ፣ አርማታው ከፎርምወርክ (ከተሞላበት ጣውላ ወይ ላሜራ) ሲወጣ ለስላሳ ስለሆነ ሳይጫር ሳይቆረቆር ከተለሰነ አይዝም፣ ብሎኬቱም ውሃ ሳይርስ ከተለሰነ የልስኑን ውሃ መጥጦ ያደርቀዋል። ባዶ የሚለው ቦታ በእርሳስ ይከበብ፣ ተፈልፍሎ እንደገና ይለሰን፣ ላዩ ላይ መደረት የለም።

ሌላው የሚስማር ነገር ነው። በሚስማር ሲጫር አሸዋው ዝርግፍ ካለ ወይ ሲሚንቶው ተሰስቶበታል ወይ ውሃ አልጠጣም። አብዛኛው ጊዜ ውሃው ነው። ጅማ ዝናብ ስላለ ማጠጣት አያስፈልግም ይሏችኋል፣ ቤት ውስጥ አይዘንብም እኮ! ቢያንስ 7 ቀን ይጠጣ። አሸዋ ደሞ ጅማ ከሩቅ ስለሚመጣ ውድ ነው፣ አፈር የበዛበትን ርካሽ አሸዋ ማስገባት ይፈትናል። ሃይላንድ ላይ ግማሽ አሸዋ ግማሽ ውሃ አድርጎ ነቅንቆ ማሳደር ነው፣ ጠዋት ላዩ ላይ የሚተኛው ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ 6 በመቶ ከበለጠ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። ሚክሱም 1 ሲሚንቶ ለ 3 አሸዋ ብላችሁ ተዋዋሉ፣ ከደረቀ በኋላ በዓይን አይታወቅማ።

ስንጥቅ ሲታይ ሁሉም አያስደነግጥም። እንደ መረብ የሆነው ቀጭኑ ቶሎ ከመድረቅ ነው፣ ስቱኮ ይሸፍነዋል። በኮለንና በብሎኬት መጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ የወረደው ሽቦ ወንፊት ስላልገባበት ነው። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚሄድና እየሰፋ ያለው ግን የለሳኙ ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ ረባዳው ሰፈር ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል በጋ ይኮማተራል፣ እሱን መሐንዲስ ይየው።

የእናቴን የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ላስለስን ለምትሉት ደግሞ፣ ጭቃ ላይ በቀጥታ የተለሰነ ሲሚንቶ ይላቀቃል፣ እርጥበቱን ዘግቶም እንጨቱን ያበሰብሳል። ጭድ ያለው ጥሩ ጭቃና ኖራ ይሻለዋል።

አሁን ከባዱ ነገር፣ ማን ይፈትሽ? ቤቱን ሚያሠራላችሁ አጎት ወይ ታላቅ ወንድም ነው፣ ሌላ ሰው ስትልኩ "አላመነኝም" ይላል፣ ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ካላችሁ ደሞ እዳው የናንተ ነው። መፍትሄው ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ማስገባት ነው፣ ልስን ሲያልቅ ሌላ ለሳኝ በቀን ሂሳብ መጥቶ ያንኳኳል፣ ከእጅ ዋጋው 10 በመቶ እስከዛ ይያዛል ብሎ። ያኔ "ጋሼ እርሶ አይድከሙ፣ ግድግዳውን ሚያንኳኳ ልጅ ነገ ይመጣል" ማለት አይከብድም። ሂሳቡ በካሬ ከሆነ የበርና የመስኮት ክፍቱ ይቀነስ አይቀነስ፣ የመስኮቱ ጎንና ጎን በምን ይለካ፣ ይሄም ይፃፍ፣ መጨረሻ ላይ ጭቅጭቅ ሚነሳው እሱ ላይ ነው።