ልጄ ስጠራው ዝም የሚለኝ ጆሮው ታሞ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ10 ዓመት ልጄ ስልክ ላይ ጌም ሲጫወት ደጋግሜ ብጠራው አይመልስም። አባቱ «ንቆሽ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ጆሮው እንዳይሆን ሰጋሁ። (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ልጁን ግን እባካችሁ በንቀት አትክሰሱት። ብዙ ልጆች በዚህ ሲገረፉ አይቻለሁና ያንገበግበኛል።

ጭንቅላት ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች፣ አንጎል ለድምፅ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ መለካት ይቻላል። በ1973 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ስቲቨን ሂልያርድና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ለሰዎች በሁለቱም ጆሮ የተለያየ ድምፅ አሰሙ። አንዱን ጆሮ ብቻ ተከታተሉ አሏቸው። ድምፁ ከተሰማ 0.1 ሰከንድ ገደማ ላይ የሚታየው የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ፣ ትኩረት በተሰጠው ጆሮ በኩል ጎልቶ ወጣ። አስቡት፣ በዚያች ቅጽበት! ልጅዎም ትኩረቱ ጌሙ ላይ ሲሆን ጥሪዎ አንጎሉ ውስጥ የሚደክመው፣ «ልመልስ ወይስ ዝም ልበል» ብሎ ሳይወስን በፊት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ያልተከታተልነው ድምፅም ቢሆን ጨርሶ አይጠፋም። ፊንላንዳዊው ተመራማሪ ሪስቶ ናታነንና ባልደረቦቹ በ1978 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በተመሳሳይ ድምፆች መሃል አንድ የተለየ ሲገባ፣ ሰውየው ልብ ባይለውም አንጎሉ ልዩነቱን ይመዘግባል።

አሁን ጌሙ ሲዘጋ ከኋላው ሆነው ቀስ ብለው ይጥሩት። ያኔም ካልመለሰ፣ ቲቪ ድምፅ የሚያበዛ ከሆነ፣ ወይም ጆሮው መግል ካለው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የመስማት ምርመራ ያስደርጉለት። መናገር ለማይችሉ ሕፃናት እንኳ አንጎላቸው ለድምፅ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ ተኝተው ሳለ ይለካል፤ አያምም።